ሳክስፎኑ ምን አለ?

መተማ ላይ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሙቀቱ ጋር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀትሩ 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። አየሩ ሲሞቅ የሳክስፎን ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኪቦርዱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሰርግ ቤት ደርሼ ዳሱ ሥር ስቀመጥ ማውዝፒሱን ከቡሹ ላይ ሳብ አድርጌ ድምፁን አወርደዋለሁ፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ መልሼ አስገባዋለሁ። ሪዱም (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ) አንድ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ይደርቃል፤ ከአፌ አላወጣውም። የዚህ ሙያ ጣጣ ይኸው ብቻ እየመሰለኝ ብዙ ዓመት ነፋሁ።

ሌላ ጣጣ እንዳለበት የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወሩ ጥር ነው፤ ሰሊጡ ተሸጦ የሰው እጅ ላይ ገንዘብ ያለበት፣ ሰርግ የሚደራረብበት ጊዜ። በሽንፋ መንገድ አንድ ሰርግ ተጠርተን ሙሽራው ሲገባ "ሽለላ ንፋልን" አሉኝ። እኔም የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ቅጂ ስለማመድ ከርሜ ነበርና ደስ አለኝ። የደም ሥሬ እስኪገተር ነፋሁት። ሰዉ አጨበጨበ፤ ውጭ ሁለት ጥይት ተተኮሰ (ሁልጊዜም እደነግጣለሁ፣ አልለመድኩትም)። ስጨርስ ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አባት በከዘራቸው ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጩኸትህስ ጥሩ ነው። ግን ምን አልክ?"

"ሽለላ ነው እኮ አባባ።"

"ሽለላ መሆኑንማ ሰማሁ። ምን ብለህ ሸለልህ?"

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ፊታቸውን ወደ ጠላቸው መለሱ።

ቤቴ ገብቼ የጋሽ ጌታቸውን ቅጂ እንደ አዲስ መስማት የጀመርኩት ከዚያ ማታ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት በካሴት፣ በአንድ ቡና ቤት ነበር፤ በኋላ ከአንድ ሹፌር በፍላሽ አስገለበጥኩት። እስከዚያ ድረስ የምሰማው ጣቱን ነበር፤ የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ፣ የት ላይ እንዳንቀጠቀጠ። አሁን ግን ምን እንዳለ መፈለግ ጀመርኩ።

ሰውዬው ከየት እንደተነሣ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ሳክስፎን አይደለም፤ ክራርና መሰንቆ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ገባ። ቀጥሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም የፖሊስ ኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ሆነ።

በዚያ ዘመን የማዘጋጃ ቤትና የቴአትር ቤት ሙዚቃ ሲነሣ አንድ ስም አይታለፍም፤ ኔርሲስ ናልባንዲያን። ነገሩ የሚጀምረው ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነው። የነሐስ ባንዳቸው መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ ኔርሲስ የእሱ የወንድም ልጅ ነው። አጎቱ በማርሽና በመዝሙር ሲታወቅ፣ የወንድሙ ልጅ ደግሞ ለዳንስ የሚሆን ትልቅ ባንድ አደራጀ፤ የእኛን ቅኝት ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለሳክስፎን ከፋፍሎ በኖታ ጻፈ። ማምቦውም፣ ታንጎውም፣ ዋልሱም ይጫወት የነበረው እንዲህ ባለ ባንድ ነው። ጋሽ ጌታቸው የእንጀራ ሥራው ይኼ ነበር፤ ረድፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ ኖታ እያየ፣ ከጎኑ ካሉት ጋር እኩል ተንፍሶ እኩል ማቆም። የዛሬ ልጆች ሶሎ ብቻ ሲለማመዱ ስሰማ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ከሰው ጋር እኩል ማቆም ያልቻለ ብቻውን የት እንደሚያቆም ከየት ያውቃል?

ሽለላውን ወደ ሳክስፎን ያሻገረው በዚያው በረድፍ ዘመኑ ነው። መድረክ ላይ እንደ ጥንት አርበኛ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይነፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ የታተመው ሸክላ ይህን ሥራውን ይዞልን ቀርቷል። ያንኑ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቅጽ አድርጎ መልሶ ሲያወጣው የውጭው ዓለም ሰማው። ዘ ኤክስ የሚባለው የኔዘርላንድስ ባንድ አብሮት "ሞአ አንበሳ" የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ፤ ሰውዬው ያኔ ከ70 ዓመት በላይ ነበር።

ፈረንጆቹ ሲሰሙት "ፍሪ ጃዝ" አሉት፤ ከሳክስፎን ነፊዎቹ ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር አወዳደሩት። ክብር ነው፣ አልጠላም። ግን ስሙ አይገጥመውም። ፍሪ ማለት ነፃ ነው፤ ሽለላ ግን ነፃ አይደለም። ሸላዩ ስንኝ አለው፣ ስንኙ ልክ አለው፣ ቤት ይመታል። ቃሉን እንደፈለገ ቢያስረዝመውም ቃሉ ራሱ አይቀየርም። ከኋላ ያለው ባንድ በምቱ ሲሄድ ጋሽ ጌታቸው ከምቱ ውጭ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ እውነቱ ግን በሌላ ምት፣ በአማርኛው ምት እየሄደ ነው። መሰንቆ ያስተማረው ይኼን ይመስለኛል። አዝማሪ መሰንቆውን ሲገዘግዝ ቃሉን አንዴ በአፉ፣ አንዴ በጅራቱ ይለዋል፤ አፉን ቢዘጋም የሰማ ሰው ስንኙን ያውቀዋል።

እንግዲህ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ ዘጋሁትና የአገሬን ሽለላ በአፌ ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያፍራል ሰው፤ ባለቤቴ ከማን ጋር ተጣላህ አለችኝ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ከሳክስፎኑ ጋር አገናኘሁት። "ዘራፍ" የሚለውን ብቻ ውሰዱ። "ዘ" ስትል ምላስህ ይነዝራል፤ ስለዚህ ሪዱን በምላስህ ጠቅ አታደርገውም፣ ታከክ ታደርገዋለህ፤ ድምፁ እየነዘረ ይገባል። "ራ" ላይ ጉሮሮህን ትከፍትና ውስጥ ውስጡን አብረህ ትጮኻለህ፤ ያ ሻካራው፣ የሚያገሳው ድምፅ የሚመጣው ከማውዝፒሱ ሳይሆን እየነፉ ከመጮኽ ነው። "ፍ" ደግሞ አየር ብቻ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁን በምላስ ቆርጠን እንዘጋዋለን። መሆን ያለበት ግን ከንፈርን ላላ አድርጎ ድምፁ ከመሞቱ በፊት አየሩን መልቀቅ ነው። የጋሽ ጌታቸውን ቅጂ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የሐረጉ ጫፍ ላይ ትንፋሽ ይሰማል። እኔ ለዓመታት የቀረጻ ጉድለት ይመስለኝ ነበር።

ትንፋሽ ሌላው ጉድ ነው። የባንድ ሙዚቀኛ ትንፋሽ መውሰዱን ይደብቃል፤ እንዲያ ተብሎ ነው የሚያድገው። ሸላይ ግን አይደብቅም። ስንኙን ጨርሶ ሲቆም፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲንጎራደድ፣ ሰዉ ትንፋሹን ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል። ዝምታው የሽለላው ግማሽ ነው። እኔ ያን ቀን ሽንፋ መንገድ ላይ አንድም ቦታ ዝም አላልኩም።

መተማ ደግሞ ሽለላን በቀልድ የሚያይ አገር አይደለም። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ የተባለችው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ ስለወደቁ ነው። ቋራና አርማጭሆ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የሚሰማህ ሰው ሽለላን ከአባቱ የሰማ ነው፤ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የሚያልፍ ነገር እዚህ አያልፍም።

ጆሯችን ላይ ሌላም ነገር አለ። ድልድዩን ከተሻገርክ ሱዳን፣ ገላባት ነህ፤ ያደግነው የኦምዱርማንን ራዲዮ እየሰማን ነው። የሱዳን ዘፈንም እንደኛው በአምስት ድምፅ የተዋቀረ በመሆኑ የዘፋኛቸውን የመሐመድ ወርዲን ዘፈን መጫወት ለጣት ብዙ አይቸግርም። የሚቸግረው ጠባዩ ነው። በሱዳኖቹ ኦርኬስትራ ቫዮሊኖቹ እንደ ውኃ ይፈሳሉ፤ ሳክስፎኑም ለስለስ ብሎ አብሮ ይፈሳል። እኔም በሁለቱ መሐል ያደግሁ ነኝና ሽለላዬ ሁሉ ሳላስበው ይለሰልስ ነበር። አሁን በአንድ ሰርግ ላይ ሁለቱን ስጫወት ሪድ እቀይራለሁ፤ ለሱዳኑ ሳሳ ያለውን፣ ለሽለላው ጠንከር ያለውን። ኪቦርዲስታችን ይስቅብኛል።

ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፈ። አግኝቼው አላውቅም። ባገኘው ኖሮ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ "ሽለላ" ብሎ በቀዳው ቅጂ ላይ በልቡ የያዘው ስንኝ የትኛው እንደሆነ። እኔ ለራሴ አንድ ገምቼ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሐረጎች ጋር ልክክ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ይጠፋብኛል።

ሳክስፎን የምትለማመድ ወጣት ይህን የምታነብ ከሆነ ቅጂውን ፈልገህ ስማው፤ ግን ወዲያው አትንፋው። ከአገርህ ሸላይ አንድ ስንኝ ተማርና ለአንድ ሳምንት በአፍህ በለው። ከዚያ ንፋው፤ ስንኙን ለማያውቅ ሰው ሳይሆን ለሚያውቅ ሰው ንፋለትና ምን እንዳልክ ጠይቀው።