የእንግዳ ዜማና የአገር በር

በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በፈረስ ተቀምጦ የሚታየው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሁለት ነገር አጣምሮ ያስተምራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የአገራቸውን ድንበር አስከበሩ፤ ነገር ግን ጥበብና ንግድ ይዞ ለመጣው እንግዳ በራቸውን አልዘጉም። ሐውልቱም ራሱ የጀርመናዊ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የተመረቀውም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፥ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው።

በዚያ በዓል የተሰማው የመንግሥት መዝሙር ዜማም የእንግዳ ድርሰት ነበረ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ፥ በቱርክ አገር በደረሰው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች በገዳም ተጠግተው አገኙ፤ በአርመኑ ፓትርያርክ ፈቃድም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ዜማውን የደረሱት ኬቮርክ ናልባንዲያን የእነዚህ የ«አርባ ልጆች» መምህር ነበሩ።

ዛሬ በዓለም ሁሉ፥ የአገር በር ይከፈት ወይስ ይዘጋ ተብሎ ሲከራከሩ፥ ይህን ታሪክ ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው ምስክር አድርገው ሊጠሩት ይችላሉ። በሩ ይከፈት የሚለው ግን ልጆቹ በባለቤቱ ጥሪና ፈቃድ እንደ ገቡ ይዘነጋል። በሩ ይዘጋ የሚለውም አገር የሌለው የሙት ልጅ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም በደጃፍ ላይ ተመዝኖ እንደማይታወቅ ይረሳል።

ዜማው በራሱ ሲመረመር፥ ለነሐስ መለከት የተሰናዳ የሰልፍ ዜማ ነው። በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ያደገ ጆሮ የያሬድን መንገድ በውስጡ ቢፈልግ አያገኝም። ይህ ነቀፌታ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን በዚህ አያልቅም። የኬቮርክ ዘመድ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ሲሠሩ፥ ያገሩን ዘፈን አጥንተው ለዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ አሰናዱት። ፊተኛው እንግዳ የራሱን ይዞ ገባ፤ ኋለኛው የቤቱን ተማረ። በሁለቱ መካከል የቆመው ጊዜ ነው።

ሕጉም ይህን ያውቅ ነበር። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፥ ኢትዮጵያዊ ልሁን ለሚል የውጭ አገር ሰው ከጠየቀው ነገር ዋናው የአምስት ዓመት ኑሮና የአማርኛ ዕውቀት ነበረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ዘመኑን አራት ዓመት፥ ቋንቋውንም ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች አንዱ አደረገው። ሁለቱም በር ጠባቂ አላቸው፤ ነገር ግን ጠባቂው የሚጠይቀው ሰው በትጋቱ ሊያሟላው የሚችለውን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመለሱ። ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ የገቡ ስለ ነበሩ፥ መንግሥቱ ሕጉን አስፈጸመ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በፈቃድ የገባውም ሠራተኛ ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋራ የታሰረ ስለ ነበረ፥ የከፋ ጌታ ገጥሞት ቢለየው በዚያው ቀን ሕገ ወጥ ይሆን ነበር። እንግዲህ በሕግና በግንብ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ሕግ ለእንግዳው የሚያልፍበትን መንገድ ይነግረዋል፤ ግንብ ግን ምንም ቢያደርግ መልስ አይሰጠውም። በዓድዋ ድንበር የጠበቀ ሕዝብ፥ ልጆቹም በሰው አገር የተንከራተቱበት፥ ይህን ከማንም ይልቅ ሊለየው ይገባል።