ተሰናብታችሁት ሂዱ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዜሮ ክፍል መምህርት ሆኜ ስጀምር መስከረም የለቅሶ ወር ነበር። እናቶችን በር ላይ እየተቀበልኩ «ሳያይሽ ውጪ» እላቸዋለሁ። ልጁን በኳስ አዘናጋዋለሁ፤ ዘወር ሲል እናቱ የለችም። ጩኸቱ ጥቂት ቆይቶ ይበርዳል፤ እኔም «ለመደ» እላለሁ።

አንድ ልጅ ግን ለቅሶውን ቢተውም ዓይኑን ከበሩ አልነቅል አለ። ሲዘፈን አይዘፍንም። የተቀቀለ ስኳር ድንቹን እንደጨበጠ ይውላል። ጠመኔ ላነሳ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። ያን ጊዜ ገባኝ፦ ልጁ አልለመደም። ዓይኑን ዘወር ካደረገ ሰው እንደሚጠፋ ተምሯል፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ እናቱን እንድትሰናበተው ለመንኳት። በርከክ ብላ፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ገበያ ውላ ለምሳ እንደምትመጣ በወላይትኛ ነገረችው። የራሷን ሻሽ ፈትታ ሰጠችውና ሄደች። ከወትሮው ይበልጥ አለቀሰ። «ዝም በል» ወይም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አላልኩትም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ያዮፓ» አልኩት፤ አትፍራ ማለት ነው። የፈራ ልጅ የሚሰማው መጀመሪያ በአፍ መፍቻው ነው። እናቱም እንዳለችው ለምሳ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሻሹን ነካ ያደርግና ወደ ጨዋታው ይመለስ ጀመር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኡጋንዳ መንደሮች 26 እናቶችን ከሕፃናታቸው ጋር ስትከታተል ያየችው ይህንኑ የሚመስል ነው፦ በእናቱ የሚተማመን ሕፃን ርቆ ይጫወታል፤ መመለሻውን ያውቃላና።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ዜሮ ክፍልን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች አምጥቷል። ስለዚህ ብዙ ልጅ ከቤቱ መጀመሪያ የሚለየው በእኛ በር ላይ ነው። የተጨናነቀ ክፍል የያዘች መምህርት ጊዜ እንደሚያጥራት አውቃለሁ። ስንብት ግን አምስት ደቂቃ ነው፤ ያለ ስንብት የተለየ ልጅ ደግሞ ማለዳውን ሙሉ በሩን ሲጠብቅ ይውላል፤ ፊደሉም አይገባውም።

ዛሬ በክፍሌ ግድግዳ ላይ በልጅ ቁመት ልክ ገመድ ተወጥሯል። ሻሽ፣ የአባት ኮፍያ፣ የአያት ነጠላ ይንጠለጠልበታል። ወላጆችን የምለምናቸው ሁለት ነገር ነው፦ ተሰናብታችሁት ሂዱ፤ ባላችሁት ሰዓት ኑ።