እንከንና ብልሽት፦ የመኪና ፋብሪካ በጨዋታ ዓለም

የኮምፒውተር ጨዋታን የልጆች ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። «አውቶሜሽን» የተሰኘውን ጨዋታ ግን እንዲህ ላልፈው አልቻልኩም። ካምሻፍት ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ይህ ጨዋታ ተጫዋቹን ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪና ኩባንያ ባለቤት ያደርገዋል፤ ሞተሩን ራሱ ይነድፋል፣ ፋብሪካ ያቋቁማል፣ ዋጋ ይተምናል። ጨዋታውን ያየሁት እዚሁ ጁባ፣ ሸሪካት ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ አጠገብ ባለ ቤት ነው። በአንድ ዓይኔ ስክሪኑን፣ በሌላው ደጅ የተፈታታውን መኪና እያየሁ ነበር ማለት ይቻላል።

አስቀድሜ የሚመሰገነውን ላመስግን። የየክፍሉ የጥራት ደረጃ ከ15 ተቀናሽ እስከ 15 ተደማሪ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጥራቱ ሲጨምር ወጪውና የማምረቻው ጊዜ አብረው ይጨምራሉ፤ ሲቀንስ የአስተማማኝነቱ ቁጥር ያሽቆለቁላል። ጥራት በገንዘብና በጊዜ የሚገዛ ነገር መሆኑን ጨዋታው በሚገባ ያስተምራል።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ሙያዬ ትርጉም ነውና ቃላት ያስጨንቁኛል። በአማርኛችን እንከንና ብልሽት አንድ አይደሉም። እንከን ዕቃው ከተሠራበት ዕለት ጀምሮ በውስጡ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ብልሽት በአገልግሎት ዘመኑ ይደርስበታል። ጨዋታው ሁለቱን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ፣ መኪናው ከፋብሪካ ሳይወጣ ለአምራቹ ያሳየዋል። እውነተኛው አምራች ግን እንከኑን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው።

የጃፓኑ ታካታ ያመረተውን ኤርባግ እናስታውስ። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ለሙቀትና ለእርጥበት ሲጋለጥ ባሕርዩ ይለወጥ ነበር። በግጭት ጊዜ የብረት ማቀፊያው እየፈነዳ፣ ስብርባሪው ሊያድነው የሚገባውን ሰው ገደለ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ተዳረገ። መኪኖቹ አዲስ ሆነው ሲሸጡ ለገዢው አንዳች ምልክት አልነበረም። እንከኑን ወደ ብልሽት የለወጡት ጊዜና የአየር ጠባይ ናቸው።

ያገለገለ መኪና ከጃፓን ተነሥቶ፣ በሞምባሳና በካምፓላ አልፎ፣ በኒሙሌ መንገድ ሸሪካት ሲደርስ የጁባ ሙቀት ይጠብቀዋል። «መኪናዎን ለጥገና ይመልሱ» የሚለው ደብዳቤ ግን በመጀመሪያው ባለቤት አድራሻ የተጻፈ ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ባለቤት በምን ይስማ? የጨዋታው ዋና ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ባለቤት የሚባል ሰው አያውቅም። መኪናው ከተሸጠ ታሪኩ አበቃ።

እንከኑ ከተገለጠ በኋላም ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተከሰከሰ በኋላ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አንድ ስሌት ሠርቶ ነበር፦ ማስተካከያ ካልተደረገ፣ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ ይችላሉ። አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ስሌቱ ተሠርቶ ነበር፤ «ይቁም» የሚል ውሳኔ ግን በጊዜው አልተገኘም።

እንግዲህ የጨዋታው አዘጋጆች እንከኑን ከተጫዋቹ ቢሸሽጉት እመርጣለሁ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከሩቅ ከተማ ጋራዥ ሁለት ወይም ሦስት አቤቱታ ይምጣ፤ ምክንያቱም አይታወቅ። ተጫዋቹ ማምረቻውን ላቁም ወይስ ልጠብቅ እያለ ይጨነቅ፤ መጠበቁም ሕይወት ያስከፍለው። ጨዋታው በእርግጥ ይከብዳል። ነገር ግን ያን ጊዜ የሸሪካቱ መካኒክና ደንበኛው ከጨዋታው ውጭ አይቀሩም።