ውኃ ያልነካው ጥልፍ

የሐበሻ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በደረቱ ጥልፍ ላይ ነው። የመስቀሉ ቅርጽ መስተካከሉን፣ ጥልፉ ጥቅጥቅ ማለቱን፣ የክሩን ማብረቅረቅ አይቶ ዋጋ ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የመረመረው ደረቁን ሥራ ብቻ ነው። በነጭ ሸማ ላይ ቀይ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ክር የሚያሳርፍ ባለሙያ የሚለካው ልብሱ ሲረጥብ ነው። መርጠቡም አይቀርም፤ ላብ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ለጥምቀት የተሰፋ ቀሚስማ ጠበል ይረጭበታል። ስለዚህ ቀለም መልቀቅን ከጥልፍ ጥራት ለይቶ የአጣቢ ጥፋት ወይም የዕድል ጉዳይ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም። ቀለሙን የሚለቅ ጥልፍ፣ ቅርጹ ምንም ቢያምር፣ ያላለቀ ሥራ ነው።

ምክንያቱ ከቀለሙ ጠባይ ይጀምራል። ጥጥ የሚነከርባቸው ቀለሞች ሁሉ ጥጡን የሚይዙት በአንድ መንገድ አይደለም። ቀጥታ የሚባሉት ቀለሞች በጥጡ ላይ የሚቀመጡት በደካማ መሳሳብ ስለሆነ ውኃ ሲያገኙ በቀላሉ ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1956 የእንግሊዙ ኩባንያ አይ.ሲ.አይ. ፕሮሲዮን ብሎ ለገበያ ያቀረባቸውና ከዚያ ወዲህ የተስፋፉት ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይዋሐዳሉ፤ የተዋሐደውን ተራ እጥበት አያስለቅቀውም። ሆኖም እዚህም ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ክሩ ሲነከር ከቀለሙ ከፊሉ ጥጡን ትቶ ከውኃው ጋር ይዋሐድና ምንም ሳይዝ በክሩ ውስጥ ይቀራል። ይህን ትርፍ ሊፈላ በደረሰ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ማስወጣት የነካሪው የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ውኃና ጊዜ ስለሚበላ ደግሞ ለመቁረጥ የሚያጓጓው ይኸው ሥራ ነው። በጥሩ ቀለም የተነከረ ክርም በወጉ ካልታጠበ ይለቃል ማለት ነው። ፖሊስተር ክር በከፍተኛ ሙቀት ስለሚቀለም በቤት እጥበት እምብዛም አይለቅም፤ ከእንጨት የሚሠራው ሬዮን ግን ጠባዩ ወደ ጥጥ ያደላል። ሁለቱም ስለሚያብረቀርቁ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

የሸማው ጠባይ ነገሩን ያባብሰዋል። በእጅ የተፈተለ ማግ ላላ ያለ ነው፤ ለስላሳነቱ ከዚያ ይመጣል፣ ውኃ የሚጠጣውም ለዚሁ ነው። ከመርፌ ቀዳዳው የተነሣ ቀለም ድርና ማጉን ተከትሎ ይሰራጫል።

ምርመራው ቀላል ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በለብታ ውኃ አርጥቦ ከጥልፉ ጀርባ፣ በጠቆረው ቀለም ላይ፣ ጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ ነው። በደረቅ ጨርቅ ማሸትም ይጠቅማል፤ ያለ ውኃ የሚነሣ ቀለም ካለ ክሩ ከነካሪው ቤት በደንብ ሳይታጠብ ወጥቷል። በፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነጭ ጨርቅ ከተቀለመው ጋር አብሮ ይታጠብና፣ ነጩ ምን ያህል እንደተበከለ ከ1 እስከ 5 ባለው የግራጫ መለኪያ ይታያል፤ 5 ምንም ያልነካው፣ 1 ክፉኛ የተበከለው ነው። ለነጭ ሸማ ከ4 በታች የሆነ ክር መመረጥ የለበትም እላለሁ፤ ሌላ ጨርቅ ላይ የማይታወቅ ጥላ እዚህ ዓይን ይወጋል። ከዚያ ጀርባውን አገላብጦ ማየት ነው። ጥልፍ ሠሪው ቀዩን ክር ሳይቆርጥ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው በጀርባ ጎትቶት ከሆነ በስስ ነጠላ ላይ በደረቁም ያሳብቃል፤ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ሲረጥብ ከፊት በኩል ቀይ መስመር ይሆናል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሮዝ ጥላ ከታየ ልብሱ አንድ ጊዜ ረጥቦ ለቋል። የንድፉ እርሳስ ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ግን ከተጠለፈ ወዲህ ውኃ አልነካው ይሆናል፤ ሻጩ «አይለቅም» ሲል በምን እንዳረጋገጠ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«የሐበሻ ልብስ ለላውንደሪ ነው የሚሰጠው» የሚል ተቃውሞ ይኖራል። በደረቅ እጥበት የሚሠራበት ፈሳሽ ውኃ ስላልሆነ እነዚህን ቀለሞች እምብዛም አያነሣም፤ እውነት ነው። ግን የላብ ጨው በዚያ ፈሳሽ በደንብ አይወጣም፤ ላብ ራሱም ቀለም ያስለቅቃል፣ ጥልፉ ደግሞ የሚበዛው አንገትና ደረት ላይ ነው። ጥፋቱን በአጣቢዋ ላይ ለሚጥሉም መልስ አለ፤ ሙቅ ውኃ የሚያወጣው በዋናነት አስቀድሞ መውጣት የነበረበትን ትርፍ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ እያጠቡ መኖር ትርፉን ለመጪው እጥበት ያሳድረዋል። ጨውና አቼቶ ቀለም ያጸናል የሚለው ምክር ግን ብዙ ሰው ስለሚያምንበት በደንብ መመለስ አለበት። ጨው በሚነከርበት ገንዳ ውስጥ ቀለሙን ከውኃው ወደ ጥጡ ይገፋዋል፤ የተነከረን ክር ግን ከቀለሙ ጋር አያስተሳስረውም። አቼቶ አሲድ ነው፤ አሲድ የሚያግዘው ሱፍና ሐር የሚነከሩባቸውን ቀለሞች እንጂ የጥጥን አይደለም። ምክሩ የሚሠራ የሚመስለው አብሮት በሚደረገው መዘፍዘፍና ማለቅለቅ ነው።

ሊመሰገን የሚገባው ጥልፍ ሠሪ ሥራውን መርፌ ከማንሣቱ በፊት ይጀምራል። ክሩን ላላ አድርጎ አስሮ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይዘፈዝፋል፤ ውኃው እስኪጠራም ይለዋውጣል። የውኃው መጥራት ግን አይበቃም። እርጥቡን ክር በነጭ ጨርቅ ላይ አሳርፎ እስኪደርቅ ይተወዋል፤ ጥቂት ቀለም በብዙ ውኃ ውስጥ አይታይምና፣ ውኃው ሲተን ግን ተሰብስቦ ነጩ ላይ ይታተማል። ሸማውንም አስቀድሞ ያጥበዋል፤ አለዚያ ከተጠለፈ በኋላ ሲሰበሰብ ጥልፉን ያጨማድደዋል። ይህ ዋጋ ይጨምራል፣ ገዢም አይከፍልበትም ይባል ይሆናል። ሳምንታት ለሚወስድ የእጅ ሥራ የአንድ ቀን ዝፍዘፋ ብዙ አይደለም፤ የተፈተነውንና ያልተፈተነውን በእርጥብ ጨርቅ የሚለይ ገዢ ሲበዛ የሚከፍልም ይኖራል።

ከለቀቀስ? እርጥቡ ልብስ ታጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ ካውያም አይንካው። በሰፊ ሳፋ፣ ሙሉ በሙሉ በሚሰጥምበት ብዙ ሙቅ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ለሰዓታት ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ሲቀላም ይለወጣል። ውኃው መብዛት ያለበት የተነሣው ቀለም ተመልሶ እንዳያርፍ ነው፤ ከውኃው በላይ የቀረ ጫፍ ካለ ቀለሙ ወደዚያ እየወጣ ይሰበሰባል። ሐር ወይም የወርቅ መልክ ያለው ክር ካለበት ለብታ ውኃ ይበቃል። ደርቆ የቆየ ጥላም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። በረኪና ግን ጥልፉንም ያነጣል፣ ጥጡንም ያደክማል። ደጋግሞ ተዘፍዝፎ እንቢ ካለ የለቀቀውን ክር መፍታት፣ ሸማውን ለብቻው ኦክስጅን ባለው ማንጫ ማጽዳት፣ ከዚያም በተፈተነ ክር እንደገና መጥለፍ ይሻላል። ድካሙ ብዙ ነው፤ ጀርባው ንጹሕ ሆኖ በሥርዓት የተጠለፈ ሥራ ግን ክሩ ሸማውን ሳይጎዳ ይፈታል።