አምባሰል የሚፈትነው ድምፅ

ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ በደረሰ ቁጥር ክራሬን ይዤ ከዘፋኞች ጎን ስቀመጥ ዘመኔ አልፏል። ጀማሪዎቹ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ እንደ ዘፋኟ ማሪቱ ለገሰ ለመታወቅ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ጥሩ ስቱዲዮ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው እንድጠቁማቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ክራሬን አምባሰል በሚባለው የወሎ ቅኝት እቃኝና «እስቲ በዚህ ዝፈን» እላለሁ።

ክራር ስድስት ጅማት አለው። አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው አንዱን ድምፅ በእጥፍ ከፍታ ይደግመዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ትዝታ በድምፆቹ መካከል ግማሽ እርምጃ የለውም፤ ዘፋኙ ትንሽ ቢያዘነብል ጆሮ ይታገሠዋል። አምባሰል አይምርም። ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ድምፅ የሚርቀው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከእሱ ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ደግሞ ሰፊ ዝላይ አለ። ያችን ጠባብ እርምጃ ከፍ ያደረጋት ዘፋኝ አምባሰሉን ያጣዋል፣ ዝቅ ያደረጋት መነሻው ላይ ይወድቃል። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ባለችው የሰኞ ገበያ ከተማ ስም የሚጠራው ባቲም ሌላ ፈተና አለው፤ እሱ በሰፊ ዝላይ ይጀምርና ወዲያው ወደ ጠባቡ ያስገባል።

ማሪቱን ማሪቱ ያደረጋት እዚህ ላይ ነው። ጠባቧን ድምፅ ሳትቸኩል ትይዛታለች፤ እዚያው ላይ ድምፅዋን ታርገበግባለች፤ ከዚያ ቁልቁል ስትወርድ አንድም ቦታ አትዘልም። አምባሰል በላላ ምት ሲዘፈን ዘፋኙን የሚደግፍ ከበሮ የለም። ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ፣ ስንኙ የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ራሱ ዘፋኙ ነው። እኛ አጃቢዎች እንከተላለን እንጂ አንመራም። ቀድሞ የገባ ክራር ዘፈኑን ያበላሻል፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ።

ይህ ችሎታ ከሰማይ አልወረደም። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ ማሪቱም የወጣችው ከወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። ቡድኖቹ ለፖለቲካ ቅስቀሳ ማገልገላቸው እውነት ነው፤ እኔም ያን ዘመን አላወድሰውም። ነገር ግን ልምምድ ነበር፤ መድረክ ነበር፤ ያጠፋውን የሚያርም ታላቅ አጠገብ ነበር። ዛሬ ያጣነው ይህን ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ። በወሎ ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ከደሴ ተነሥቶ በአውቶቡስና በጭነት መኪና አገር ለአገር ዞረ፤ ወሎን ረግጦ የማያውቅ ሰው አምባሰልን በጆሮው አወቀ። ዝና በዚህ መንገድ ተገኘ። ገንዘቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በካሴት ዘመን ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ምንም ያህል ቢሸጥ እሱን አይመለከተውም ነበር። በየሱቁ እየተባዛ የሚሸጠውም ነበረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ለብዙዎቹ ታላላቆቻችን በጣም ዘግይቶባቸዋል። ስለዚህ የዘፋኝ ኑሮ የተደገፈው በሰርግ፣ በመድረክ ሽልማትና በውጭ አገር ኮንሰርት ነው። ማሪቱም ረጅም ዓመታት አሜሪካ ኖራለች። ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ ከዋሽንግተን ተነሥታ ነው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በውጭ አሳታሚዎች በኩል ለዓለም የደረሰችው። መርካቶ ጫማ ይጠርግ የነበረው ማህሙድ አህመድም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለዓመታት ከሠራ በኋላ ነው ዓለም ያወቀው፤ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ከሁሉም በፊት የቀደመው ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው።

አሁን አብዛኛው ጀማሪ ከስቱዲዮ ይጀምራል። ኪቦርዱ በፋብሪካ ተቃኝቶ የመጣ ስለሆነ የአምባሰልን ጠባብ እርምጃ የክራር ቃኚ በጆሮው ከሚያስቀምጣት ቦታ ላይ አያገኛትም። የተዛነፈውን ድምፅ ደግሞ ኮምፒውተር ያስተካክለዋል። ልጁ ስህተቱን ሳይሰማው ዘፈኑ ይወጣል፤ ብዙ ሰውም ያየዋል። ከዚያ ሰርግ ላይ ማይክ ሲሰጡት ድምፁ ይከዳዋል። ይህን ሳይ አዝናለሁ፤ ብዙዎቹ እውነተኛ ድምፅ ያላቸው ልጆች ናቸውና።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ድምፅ ያለው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ለስቱዲዮ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን ክራር ወይም መሲንቆ ከሚጫወት ሰው ዘንድ አስቀምጡት። ቅኝቶቹን ሁሉ ያለ ማይክ ይዝፈን። የከተሞቻችን የባህል ቢሮዎችም ለነዚህ ልጆች መለማመጃ አዳራሽና ቋሚ አሠልጣኝ ይመድቡላቸው፤ የሚያስተምሩ አዛውንቶች ገና በመካከላችን አሉ።