የማን ጉበት ነው የሚተከለው?

በምሠራበት ሃና ከተማ የታማሚን ዓይን የማየው በር ላይ አውጥቼ ነው። ብጫነት በአምፖል ብርሃን ይደበቃል፣ በፀሐይ አይደበቅም። ከዚያ ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ። ጣቴን ሳነሳ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ሆዱም ውኃ ከቋጠረ፣ ጉበቱ ከታመመ ሰንብቷል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ግን እኔ ጋ የሚደርሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ለወራት ቅጠል ሲጠጣ ከከረመ በኋላ ነው።

አንድ አባት እንዲህ ሆነው በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ወደ ጂንካ ሆስፒታል ሪፈር ስጽፍ ልጁ፣ «ዶክተር፣ ጉበት ይቀየራል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። ንቅለ ተከላ እንደሚባል ነገርኩት፣ ለአባቱም አስተረጎመልኝ። እሳቸው ጥቂት ዝም ብለው «የማን ጉበት ነው የሚተከለው?» አሉ።

ወረቀቱን ትቼ ተቀመጥኩ። ይህን ጥያቄ ብዙዎች የሚጠይቁት ገንዘብ ካሰባሰቡ በኋላ ነው።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለጉበት ግን ሰዉ ሕንድ ወይም ቱርክ ይሄዳል፤ ወጪው በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ነው። እዚያም ጉበቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዘመድ ነው። ሐኪሞች ከጤነኛው ሰው ጉበት እስከ 60 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ፤ የቀረው በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። ለሰጪውም ቢሆን ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ከዚያ በፊት ግን ለታማሚው ረጅም ምርመራ አለ። ቢሊሩቢን፣ ክሬአቲኒን፣ ሶዲየምና የደም መርጋት ተለክተው ሜልድ የሚባል ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ ከፍ ካለ ጊዜ የለም ማለት ነው። ካንሰር መኖር አለመኖሩ በሲቲ ስካን፣ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ ይታያሉ። ልብና ሳንባም ቀዶ ጥገናውን መቻላቸው ይረጋገጣል። አረቄና ቦርዴ ፈጽሞ ይቆማል። ለሕክምና ከአገር ለመውጣት የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ያስፈልጋል። ከተተከለም በኋላ ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይገፋው መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው። ብዙዎች ከዚህ መንገድ መሐል ይመለሳሉ፤ አንዳንዱ ዘግይቶ፣ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት ብቻ በቅቶት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በቴኖፎቪር ሲታፈን ጉበቱ ያገገመለት ሰው አለ። ስለዚህ «ሪፈር ተጻፈልኝ» ማለት «ጉበቴ ሊቀየር ነው» ማለት አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ለታማሚው እነግራለሁ።

ልጁ «የእኔን ውሰዱ» አለ። ከጣቱ ደም ወስጄ መረመርኩት። እሱም እንደ አባቱ ሄፓታይተስ ቢ ነበረበት፤ መስጠት አይችልም። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩም ስለሚተርፍ፣ የጉበት ሕመም ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል። አባትየው ወደ ጂንካ ሄዱ፤ ልጁ ክትትል ጀመረ፤ እናቱና ታናናሾቹም በሳምንቱ መጥተው ተመረመሩ።

ቤታችሁ ውስጥ ጉበቱን የታመመ ሰው ካለ፣ እናንተም ተመርመሩ። ሕፃናቱን ደግሞ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው አምጧቸው፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ፔንታቫለንት በሚባለው መርፌ ውስጥ አለ፣ ክፍያ የለውም።