የአሩሻው ፍርድና የተናጋሪው ድርሻ

በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት የመገናኛ ብዙኃን መዝገብ ላይ አሩሻ ውስጥ በዓለም አቀፉ የሩዋንዳ ወንጀል ችሎት የተሰጡት ሁለት ፍርዶች በእኩል ዐይን ታይተው አያውቁም። በዳኛ ናቫኔተም ፒላይ ሰብሳቢነት ዲሴምበር 3 ቀን 2003 የተሰጠው የመጀመሪያው ፍርድ (ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኑረምበርጉ የናዚ ጋዜጣ አሳታሚ የዩሊየስ ሽትራይኸር ፍርድ ወዲህ የብዕርና የማይክሮፎን ባለቤቶችን ያስጠየቀ ደፋር ውሳኔ ተብሎ ይወደሳል። የይግባኝ ችሎቱ ኖቬምበር 28 ቀን 2007 የሰጠው ውሳኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው በቅጣት ቀናሽነቱ ነው፤ የፌርዲናንድ ናሂማናና የሐሰን ንጌዜ የዕድሜ ልክ እስራት ወደ 30 እና 35 ዓመት፣ የዣን ቦስኮ ባራያግዊዛ 35 ዓመት ደግሞ ወደ 32 መውረዱ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠቀሳል። በእኔ ንባብ ግን አንድ ሰው በራሱ ቃል በምን ልክ በወንጀል እንደሚጠየቅ በተሻለ ያስተማረው የተነቀፈው የ2007ቱ ውሳኔ ነው። የ2003ቱ ፍርድ ከሚገባው በላይ ተወድሷል፤ ውዳሴውም እስከ ዛሬ በጥላቻ ንግግር ሕጎች አረቃቀቅ ላይ ጥላውን ጥሏል።

የመጀመሪያው ፍርድ የሚማርክበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዳኞቹ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መሥራቾች አንዱ የነበረውን ናሂማናን ጠመንጃም ገጀራም ሳይዝ ለብዙ ሺህ ንጹሐን ሞት ምክንያት ሆኗል ብለውታል። አንባቢን የሚይዝ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ተለያይተው ሊመለሱ የሚገባቸውን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደፍናል። ሰውየው ጠልቷል ወይ? ግድያ እንዲፈጸም ጠርቷል ወይ? በጥሪው ምክንያት ሰው ሞቷል ወይ? ችሎቱ ሥልጣኑ በ1994 ውስጥ በተፈጸሙ ድርጊቶች የተወሰነ ሆኖ ሳለ፣ ማነሳሳት እስከ ግድያው ድረስ የሚዘልቅ ተከታታይ ወንጀል ነው በማለት የንጌዜን ጋዜጣ የካንጉራን የ1990 እና የ1991 እትሞች ወደ መዝገቡ አስገባ። ማርች 1994 ላይ ካንጉራና ሬዲዮ ቴሌቪዥን ሊብር ደ ሚል ኮሊን (አርቲኤልኤም) በጋራ ያዘጋጁት የጥያቄና መልስ ውድድር አንባቢዎችን ወደ ቀድሞ እትሞች ስለመራ፣ አሮጌው ጽሑፍ እንደ አዲስ ተሰራጭቷል ተባለ። በጋዜጣ የወጣ ውድድር ለዓመታት የተከማቸ ጽሑፍን ሁሉ ወደ 1994 የሚያሻግር ድልድይ ሲሆን፣ ፍርዱ የሚመዝነው የአንድን ቀን ድርጊት መሆኑ ይቀርና የአንድን ሰው ጠቅላላ የሕይወት ዝንባሌ ይሆናል። የይግባኝ ችሎቱ ይህን ድልድይ ማፍረሱ ተገቢ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሬዲዮው ገደለ በተባለ ቁጥር በኬላው ላይ መታወቂያ የሚመረምረው፣ ጎረቤቱን ከአልጋ ሥር የሚጎትተው ሰው ከዕይታ ይጠፋል። ይህ ሰው አድማጭ ብቻ አልነበረም፤ የወሰነ ሰው ነበር። በዚያው ሰፈር፣ ያንኑ ሬዲዮ እየሰማ፣ የተባለውን ያልፈጸመና የተሸሸገን ያዳነ ሰውም ነበር። ስለ ምክንያትና ውጤት የተደረጉት ጥናቶችም ለትልቁ ዓረፍተ ነገር ድጋፍ አይሰጡም። ስኮት ስትራውስ በሩዋንዳ እስር ቤቶች ከሁለት መቶ በላይ የተፈረደባቸውን ሰዎች ጠይቆ ያገኘው፣ አብዛኞቹን ያነሳሳቸው ፊት ለፊት የመጣባቸው የአካባቢ ሹም፣ ጎረቤት ወይም ታጣቂ ቡድን እንጂ ሬዲዮ እንዳልነበረ ነው። ዴቪድ ያናጊዛዋ ድሮት በበኩሉ ኮረብታዎች የሬዲዮውን ሞገድ የከለሉባቸውን መንደሮች ካልከለሉባቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ከጠቅላላው ጥቃት አሥር በመቶ ገደማው ከስርጭቱ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ሁለቱ ጥናቶች በመጠኑ ላይ አይስማሙም፤ ዳኛ የሚፈልገውን ግን ሁለቱም አይሰጡትም። አሥር በመቶ የተባለው የመንደሮች አማካይ ነው፤ የትኛው ንግግር የትኛውን ሰው በማን እጅ እንዳስገደለ አይናገርም። የወንጀል ኃላፊነት በእንዲህ ያለ ስሌት ላይ ከቆመ፣ ስሌቱ በተሻሻለ ቁጥር ፍርዱ ይናጋል።

የይግባኝ ችሎቱ መውጫውን ያገኘው ማነሳሳትን ከውጤቱ በማላቀቅ ነው። ዘር እንዲጠፋ በቀጥታና በአደባባይ ማነሳሳት ቃሉ እንደተነገረ የተፈጸመ ወንጀል ነው አለ። አንድ ሰው ጥሪውን ቢሰማም ባይሰማም፣ ቢፈጽመውም ቢተወውም ጠሪው ለጥሪው ይጠየቃል፤ ገዳዩም ለግድያው ሙሉ በሙሉ ይጠየቃል፤ የአንዱ ዕዳ ከሌላው አይቀነስም። በዚህ መለኪያ የጁን 4 ቀን 1994ቱን የአርቲኤልኤም አቅራቢ የካንታኖ ሃቢማናን ስርጭት ማየት ይበቃል። አቅራቢው ወጣቶች በብዛት እንዲመለመሉ ጠየቀ፤ ጠላት ያለው ቡድን ከምድር እንዲጠፋ ተናገረ፤ በቁመትና በመልክ እንዲለዩት፣ አፍንጫውንም እያዩ እንዲሰብሩት አዘዘ። ይህን ለመፍረድ በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደሞተ መቁጠር አያስፈልግም። ኬላዎቹ ተዘርግተዋል፣ ግድያው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ አድማጩም መሣሪያውን ይዞ ቆሟል። ሀሳብ የሚገልጽ ሰው አልነበረም፤ የሥራ መመሪያ እየሰጠ ነበር። የሚያሳዝነው ሃቢማና ራሱ አሩሻ ችሎት ፊት አለመቆሙ ነው፤ ከጣቢያው አቅራቢዎች እዚያ ጥፋቱን አምኖ በ2000 የ12 ዓመት እስራት የተፈረደበት ቤልጅየማዊው ዦርዥ ሩጁ ብቻ ነበር። የይግባኝ ዳኞቹንም አንድ ቦታ ላይ እነቅፋለሁ፤ ግድያው የተቀሰቀሰበትን ኤፕሪል 6ን እንደ አጥር ተጠቀሙበት። ከዚያ ቀን በፊት የተላለፈው ስርጭት ጥላቻ ቢቀሰቅስም በቀጥታ ዘር እንዲጠፋ መጥራቱ አልተረጋገጠም ሲሉ በጥቅሉ ትክክል ይመስሉኛል፤ ሆኖም እያንዳንዱን ስርጭት በየራሱ ዐውድ መመርመር ሲገባቸው ቀኑ ራሱ ብዙውን ሥራ እንዲሠራላቸው ፈቅደዋል።

በውሳኔው ውስጥ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው፣ ተንታኞች ግን ፈጥነው የሚያልፉት፣ የናሂማና ኃላፊነት የቆመበት ማስረጃ ነው። ናሂማና በማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ አቅራቢ አልነበረም። የታሪክ ምሁርና ከጣቢያው መሥራቾች አንዱ ነበር፤ ግድያው ከተጀመረ በኋላ በጣቢያው ላይ ሥልጣን አልነበረኝም ሲልም ተከራክሯል። ሙግቱን የሰበረው ጣቢያው ዝም ያለበት አንድ አጋጣሚ ነው። በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ መጀመሪያ 1994 ፈረንሳዮች፣ አርቲኤልኤም በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይልና በአዛዡ በጄኔራል ሮሜዎ ዳሌር ላይ የሚያካሂደው ዘመቻ እንዲቆም ናሂማናን አነጋገሩት። እሱም ለጋዜጠኞቹ እንደሚነግር ቃል ገባ፤ ዘመቻውም ቆመ። እንግዲህ ይህ ሰው አንድን የስርጭት ዐይነት የማስቆም አቅም ነበረው፤ ተጠቅሞበታልም። በቱትሲዎች ላይ የሚተላለፈውን ጥሪ ለማስቆም ግን ያንኑ አቅም አልዘረጋም። ችሎቱ በቀጥታ አነሳሽነት የተሰጠውን ጥፋተኝነት ሰርዞ በአለቃነት ኃላፊነት ያጸናው፣ ከዚህ ማስረጃ ጋር በምስክርነት የቀረበለትን አያይዞ ነው። ባራያግዊዛን ግን ከኤፕሪል 6 በኋላ በጣቢያው ላይ የነበረው ቁጥጥር ስላልተረጋገጠ በሬዲዮው በኩል ከመጠየቅ ነጻ አደረገው፤ ተከታዮቹ በቆሙባቸው ኬላዎች ላይ በፈጸመው ግን ጥፋተኝነቱ ጸና። ሁለቱም የአንድ ጣቢያ መሥራቾች፣ የአንድ ዘመቻ ሰዎች ነበሩ፤ ዳኞቹ ግን እያንዳንዱን በእጁ በነበረው ሥልጣን ለየብቻ መዘኑት። የዓለም አቀፍ ወንጀል ችሎቶች በጽሑፍ ካስቀሩልን ሁሉ ይህን ያህል የማከብረው የማስረጃ ምዘና ጥቂት ነው።

ይኸው ጥንቃቄ በዘፋኙ ሲሞን ቢኪንዲ መዝገብ ላይም ታይቷል። ዘፈኖቹ በአርቲኤልኤም ሲደጋገሙ ከርመዋል፤ ዐቃቤ ሕግም በእነሱ ላይ አተኩሮ ነበር። በዲሴምበር 2008 የተሰጠው ፍርድ ግን ዘፈኖቹ ጥላቻን ለማነሳሳት መዋላቸውን እየተቀበለ በእነሱ ጥፋተኛ አላለውም። ያስቀጣው በጁን 1994 መጨረሻ በኪቩሙና በካዮቬ መካከል ባለው መንገድ፣ በኢንተራሃምዌ ሚሊሻ የተሽከርካሪ አጀብ ውስጥ ሆኖ በድምፅ ማጉያ የተናገረው ነው። ሲሄድ ብዙኃኑ ተነሥቶ አናሳውን እንዲያጠፋ ጠራ፤ ሲመለስ ገድላችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። የችሎቱ መልስ 15 ዓመት እስራት ነበር። ዘፈኑን ማውገዝ ለሐያሲ ይቀላል፤ ዳኛ ግን የሚያስፈልገው መንገዱ፣ ማጉያው፣ አድማጩና ሰዓቱ ነው።

በዚህ አቋም ላይ ጠንካራው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ለዓመታት አንድን ሕዝብ በረሮ እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው የኤፕሪልን እሳት አንድዶ ሳለ፣ ክብሪቱን የጫረው ብቻ ይጠየቅ ማለት አይደለም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ያለዚያ የዓመታት ዝግጅት የጁኑ ትእዛዝ ያንን ያህል ሰሚ አያገኝም ነበር። ሆኖም የቀድሞው ጽሑፍ ከፍርድ ቤት አልተባረረም። የተናጋሪውን አሳብና የቃሉን ትርጉም ለማሳየት በማስረጃነት ይቀርባል፤ ንጌዜም በ1994 በካንጉራ ባሳተመው ጥፋተኛ እንደሆነ ቀርቷል። የተከለከለው ያንኑ ጽሑፍ ራሱን ወንጀል አድርጎ መቁጠር ነው። ከተቃራኒው ወገን የሚነሳው ደግሞ፣ ውጤት ሳይረጋገጥ መቅጣት ለመንግሥታት ጋዜጠኛ የማሰሪያ በር ይከፍታል የሚል ነው። ይህን ፍርሃት ያቃለለ ሰው የአህጉራችንን የፕሬስ ታሪክ አላነበበም። መከላከያው ግን ውጤትን መጠየቅ አይደለም፤ ግርግር በበዛበት አገር ከማንኛውም ንግግር በኋላ የሆነ ጥቃት አይጠፋምና። መከላከያው የጥሪውን ቀጥተኛነት፣ የተናጋሪውን ልዩ የጥፋት አሳብና የጊዜውን ቅርበት ዐቃቤ ሕግ አንድ በአንድ እንዲያረጋግጥ ማስገደድ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለችም። የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነትን ጁላይ 1 ቀን 1949 በማጽደቅ ቀዳሚዋ ናት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 36 ለተራው ወንጀል አነሳሹን የሚቀጣው ወንጀሉ ቢያንስ ሲሞከር ነው፤ በአንቀጽ 274 ግን የዘር ማጥፋትን በአደባባይ መቀስቀስን በራሱ ያስቀጣል። ይህ አሩሻ ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሰበትን ልዩነት የያዘ ጥሩ አወቃቀር ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ዓ.ም. ግን ወደ 2003ቱ ስሕተት ተመልሷል። ጥላቻን፣ መድልዎንና ጥቃትን በአንድ ትርጓሜ ጠቅልሎ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ወይም ከተሞከረ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ይገደሉ ብሎ የጠራና ሰሚ ያጣ ሰው፣ ወይም ፖሊስ ፈጥኖ ስለደረሰ ጥሪው የከሸፈ ሰው፣ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ መጥላቱን በምሬት የጻፈ፣ ግን ማንንም ለጥቃት ያልጠራ ሰው ደግሞ፣ ሌላ ሰው በራሱ ውሳኔ ስለፈጸመው ጥቃት ቅጣቱ ሊከብድበት ይችላል። ይህ በግል ኃላፊነት ላይ የተፈጸመ በደል ነው። አዋጁ ለጥናት፣ ለዜና፣ ለፖለቲካዊ ሂስና ለኪነ ጥበብ የተወው መከላከያም ይህን አያቃናውም፤ ችግሩ ያለው ማን ሊከሰስ ይችላል በሚለው ሳይሆን በምን ይመዘናል በሚለው ላይ ነውና። አዋጁን የሚያርም ማሻሻያ ለጥቃት መጥራትን ከጥላቻ ገለጻ ለይቶ በራሱ አንቀጽ ሊያቆመው፣ ቅጣቱንም በጥሪው ቀጥተኛነትና በጠሪው ሥልጣን መጠን ሊመድበው ይገባል፤ ተጎጂ መኖሩ የገዳዩን ክስ እንጂ የተናጋሪውን ጥፋት መጠን አይወስንም።